ከጓሮ ቅል እስከ ዘር ማዕከል፦ የዘር አጠባበቅ ታሪክ በኢትዮጵያ

«ዘር» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ትርጉም በአንድ ትከሻ የሚሸከም ቃል ነው። በአንድ በኩል መሬት ላይ የሚበተነውን ፍሬ፣ በሌላ በኩል የትውልድን ሐረግ ያመለክታል። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚያወሳው ሁለተኛውን ቢሆንም፣ አራሹ ህብረተሰብ አንዱን ቃል ለሁለቱም ማዋሉ ያለ ምክንያት አይደለም። የአንድ ቤተሰብ ህልውና ከዓመት ወደ ዓመት የሚሸጋገረው በጎተራው ጥግ ተለይታ በተቀመጠች ጥቂት ቁና ዘር ነበርና።

ይሁን እንጂ ታሪክ ሲጻፍ የሚወሳው አብዛኛውን ጊዜ የዘውድና የዘመቻ፣ የድንበርና የውል ጉዳይ ነው። ሰይፍ የጨበጠው እጅ በብራና ላይ ሲሰፍር፣ ዘር የጨበጠው እጅ ሳይጻፍ ቀርቷል። ከዚህም ይበልጥ የተረሳው ከታላቁ ማሳ ይልቅ ከቤት ጀርባ ያለው ጓሮ ነው። ጎመኑን፣ ዱባውን፣ በርበሬውን፣ ድንብላሉንና ጥቁር አዝሙዱን ለብዙ ትውልድ ሳያቋርጡ ያስተላለፉት ሴቶች ስማቸው በየትኛውም ዜና መዋዕል አይገኝም። የሥራቸው ውጤት ግን ዛሬም በየማዕዱ ላይ ይገኛል። ስለሆነም የዘር አጠባበቅን ታሪክ መመርመር የሰፊውን ሕዝብ የፈጠራ ታሪክ መመርመር ነው።

፩. የጓሮው ጥበብ

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ጓሮ የሚባለው ለጎጆው ቅርብ የሆነ፣ የቤት አመድና የበረት ፍግ የሚደፋበት፣ በዶማና በመቆፈሪያ የሚለማ ጠባብ መሬት ነው። በስፋቱ ከማሳው ጋር ባይወዳደርም በዓይነቱ ብዛት ግን ይበልጠዋል። ጎመን፣ ዱባ፣ ቅል፣ ሚጥሚጣ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ጌሾና እሸት የሚበላ በቆሎ በአንድ ቅጥር ውስጥ ይበቅላሉ። በደቡብ ደግሞ እንሰት የጓሮው ጌታ ነው። እንሰት የሚራባው በፍሬው ሳይሆን ከግንዱ ሥር ከሚወጣ ችግኝ ስለሆነ፣ «ዘሩን» መጠበቅ ማለት ተክሉን ራሱን በስሙ እየለዩ ከጓሮ ሳያጠፉ ማኖር ማለት ነው።

የጓሮ ዘር አያያዝ በቃል የማይነገር፣ በዓይን የሚወረስ እውቀት ነው። እናት ለወጥ የሚሆነውን ጎመን ስትቀነጥብ ከሁሉ ያማረውን ግንድ ሳትነካ ታልፈዋለች፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ ግንዱ ጠንካራ፣ ተባይ ያልደፈረው እርሱ ለዘር የታጨ ነው። ይህ ጎመን አብቦ ፍሬ ይዞ ቀንበጡ ወደ ቢጫ ሲለወጥ ይቆረጣል፤ በጥላ ሥር ይደርቃል፤ ተወቅቶ በሰፌድ ይበጠራል፤ በጨርቅ ተቋጥሮ ወይም በቅል ተደርጎ ይቀመጣል። ከዱባው መካከልም አንዱ ተመርጦ ልጡ እስኪጠነክር ሐረጉ ላይ ይቆያል። ከበርበሬው ቀድሞ የቀላውና የጎመራው ይለያል። ለሆድ የሚበላው ከተረፈው ሲሆን፣ ለዘር የሚለየው ግን ከምርጡ ነው። ይህ ልማድ በየዓመቱ ሲደጋገም ምርጫ ይባላል፤ ምርጫው በትውልድ ሲደጋገም ደግሞ አዲስ ዓይነት ሰብል ይፈጥራል። ጎመን ዘር ለዚህ ማስረጃ ነው። ይህ ተክል በኢትዮጵያ ምድር የተላመደ ሲሆን፣ ቅጠሉ ለወጥ፣ ፍሬው ለዘይትና ለምጣድ ማሰሻ እንዲውል ሆኖ በጓሮ ተኮትኩቶ ያደገ ነው።

ማስቀመጡም ከመምረጡ ያላነሰ ብልሃት ይጠይቃል። የዘር ጠላቶች እርጥበት፣ ሙቀትና ነቀዝ ናቸው። ገበሬው ሦስቱንም በሦስት መሣሪያ ተዋግቷቸዋል። የመጀመሪያው ጭስ ነው። የማሽላ ራስና የበቆሎ እሸት ከነቅርፊቱ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጭሱ እያደረቀ ነቀዙን ያርቃል። ሁለተኛው አመድ ነው፤ ከዘሩ ጋር ተለውሶ እርጥበትን ይመጥጣል፣ የተባዩንም ቆዳ እየፋቀ ያደርቀዋል። ሦስተኛው ጤፍ ነው። ባቄላና ሽምብራ ከጤፍ ጋር ተቀላቅለው ሲቀመጡ ደቃቁ ጤፍ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ስለሚሞላ ነቀዝ መንቀሳቀሻ ያጣል። በመጨረሻም የቅሉ ወይም የጎታው አፍ በጭቃ ወይም በእበት ይመረጋል።

የምግብ እህልና የዘር እህል በአንድ ቦታ እንደማይቀመጡም አራሹ ያውቃል። በሐረርጌና በወሎ ማሽላ በመሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ይከማቻል። ጉድጓዱ እህሉን ከእሳትና ከሌባ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ውስጡ የሚፈጠረው እርጥበትና መታፈን የመብቀል ኃይሉን ያዳክመዋል። ስለዚህ የሚበላው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ የሚዘራው ከምድጃው በላይ ይሰቀላል።

ሳይንስ ይህንን ዘግይቶ በቁጥር አረጋግጦታል። አሜሪካዊው የዘር ተመራማሪ ሃሪንግተን በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባስቀመጠው ሕግ መሠረት፣ በተወሰነ ወሰን ውስጥ የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር፣ ወይም የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ባለ ቁጥር፣ የዘሩ ዕድሜ በግምት እጥፍ ይሆናል። ቀዝቃዛው የደጋ ጎጆ፣ የሚያደርቀው ጭስና የተመረገው ቅል ይህንኑ ሕግ ሳያነቡ የፈጸሙ ናቸው።

፪. ክፉ ቀንና የዘር ፈተና

የዘር ጠባቂው ትልቁ ፈተና ነቀዝ አይደለም፤ ረሃብ ነው። በሰላሙ ጊዜ ዘር መለየት የጥንቃቄ ጉዳይ ሲሆን በችግር ጊዜ ግን የሞትና የሕይወት ምርጫ ይሆናል። ዛሬ የሚያለቅሰውን ሕፃን ማብላት ወይስ ለመጪው ክረምት መዝራት? ዘሩን የበላ ዛሬን ይሻገራል፤ ከርሞ ግን ዝናቡ ቢመጣ እንኳ የሚበትነው የለውም። ዘሩን የጠበቀ ከርሞን ያያል፤ ዛሬን ከዘለቀ ማለት ነው።

ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለተከታታይ ዓመታት የቆየው ክፉ ቀን የዚህ ፈተና ታላቁ ምሳሌ ነው። ከውጭ የገባው የከብት በሽታ የእርሻ በሬዎችን ፈጀ፤ ድርቅና ተምች ተከተሉ። በሬ የሌለው ገበሬ ማሳውን ማረስ ስላልቻለ በዶማ ወደ መቆፈር ተገደደ፤ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ ለመሆን መሞከራቸው በታሪክ የተመዘገበ ነው። ጓሮ ከጥንትም በሬ የማይሻ በመሆኑ፣ እንዲህ ባለው ዘመን ከማሳው ይልቅ በቶሎ ነፍስ የሚዘራ መሬት ይሆናል።

የፊውዳሉ ሥርዓትም በዘሩ ላይ የራሱን ጫና አሳርፏል። ጭሰኛው አውድማ ላይ አስራቱን፣ ሲሶውን ወይም እኩሉን ካስረከበ በኋላ በእጁ የሚቀረው ለዓመቱ ቀለብ እንኳ የማይበቃበት ጊዜ ብዙ ነበር። ዘር ያጣ ጭሰኛ ከባለ ጸጋ ይበደራል፤ የተበደረውን በመኸር በወለድ ይመልሳል፤ በሚቀጥለውም ዓመት ዳግመኛ ይበደራል። ይህም ማለት የዘር እጦት የእዳ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ የባላባቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት ሲያፈርስ፣ የዚህ ሰንሰለት ዋነኛ መሠረት ተናጋ። የተፈጥሮ ድርቅና የጦርነት ጉዳት ግን በአዋጅ የሚቀሩ አልነበሩም።

በ1977 ዓ.ም. በወሎ፣ በትግራይና በሰሜን ሸዋ የደረሰው ረሃብ ይህንኑ በመራራ ሁኔታ አሳየ። ገበሬው በመጀመሪያ ከብቱን፣ ቀጥሎ የቤት ዕቃውን ሸጠ። ዘሩ የመጨረሻው ሀብት ነበር። ብዙ ቤተሰብ ያንኑ ቆልቶ በልቶ ወደ መጠለያ ጣቢያ ወረደ። በዚያች ምጣድ ላይ የተቆላው የአንድ ዓመት ቀለብ ብቻ አልነበረም፤ ለዚያ ቀበሌ አፈር፣ ለዚያ ቀበሌ ዝናብ በብዙ ትውልድ የተመረጠ፣ ከሌላ ቦታ በገንዘብ የማይገዛ ዘር ነበር። በእርዳታ የመጣ ባዕድ እህል ደግሞ የሚበላ ብቻ ሳይሆን የሚዘራም እየሆነ የተረፈውን ነባር ዘር የሚተካበት ሌላ አደጋ አንዣበበ።

፫. ከውጭ የመጡ ዓይኖች

በኢትዮጵያ ገበሬ እጅ ያለው ሀብት ዋጋ በዓለም ሳይንስ ዘንድ ቀድሞ ከታወቀላቸው ሊቃውንት አንዱ ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነበር። ቫቪሎቭ የሰብሎችን የትውልድ ማዕከላት ለመለየት በአምስት አህጉራት የተዘዋወረ ሲሆን፣ በ1919 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል አዲስ አበባ ገብቶ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ካነጋገረ በኋላ በበቅሎ ጓዝ ወደ ሰሜን ተጉዞ በኤርትራ በኩል ወጣ። በየገበያውና በየማሳው በሺህ የሚቆጠሩ ናሙናዎች ሰበሰበ። የስንዴና የገብስ ዓይነት ብዛት ካስደነቀው በኋላ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል ማዕከላት አንዷ አድርጎ መደባት።

የዚህ ሊቅ ፍጻሜ አሳዛኝ ነው። በእ.ኤ.አ. 1940 ታስሮ በእ.ኤ.አ. 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ፤ የዓለምን ሕዝብ ከረሃብ ለማዳን የደከመው ሰው የሞተው በእስር ቤት ጉስቁልናና በረሃብ ነበር። በዚያው ወቅት እርሱ የመራው የሌኒንግራድ ተቋም ከእ.ኤ.አ. 1941 እስከ 1944 ለ872 ቀናት በጠላት ከበባ ውስጥ ወደቀ። ሠራተኞቹ በሩዝ፣ በስንዴና በኦቾሎኒ ከረጢቶች መካከል ተቀምጠው ዘሩን ሳይነኩ በረሃብ ሞቱ። የሩዝ ክፍል ኃላፊ የነበረው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ የሞተው በብዙ ሺህ የሩዝ ከረጢት መካከል ነው። ከኢትዮጵያ የሄደውም ዘር በነዚህ ሰዎች ሕይወት የተዋጀ ነው። የሌኒንግራዱ ሊቅና ዘሯን በቅል መርጋ ቀን የምትጠብቀው የወሎ እናት ቋንቋቸውና ዘመናቸው ቢለያይም የገጠማቸው ጥያቄ አንድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ዓይኖች ሁሉ ግን በአንድ መንፈስ የመጡ አልነበሩም። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ የገብስ ማሳዎች ላይ የቢጫ ድንክዬ ቫይረስ ጉዳት ባደረሰ ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋመው ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነበር። በዚህ ባሕርይ የተዳቀለው ገብስ የካሊፎርኒያን ገበሬ ከብዙ ኪሳራ አድኗል። ባሕርዩን ጠብቆ ያቆየው የኢትዮጵያ ገበሬ ግን ከዚህ ትርፍ ድርሻ አላገኘም።

ከሁሉ ይልቅ አስተማሪው የወሎው ማሽላ ታሪክ ነው። በእ.ኤ.አ. 1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ በሺህ የሚቆጠር የማሽላ ናሙና መርምረው፣ ላይሲን በተባለው ለሰው አካል እጅግ አስፈላጊ በሆነ የፕሮቲን ክፍል የበለጸጉ ሁለት ዓይነቶች ማግኘታቸውን አስታወቁ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ነበሩ። ፍሬያቸው ሲደርቅ የሚጨማደድ፣ በምርት መጠን ከሌላው ማሽላ የሚያንስ ነው። ምርትን በኩንታል ብቻ የሚለካ ባለሙያ ቢያያቸው ኖሮ ከማሳው ያስወጣቸው ነበር። የወሎ ገበሬ ግን ከሌላው ማሽላ መካከል እየቀላቀለ ይዘራቸዋል፤ በእሸትነታቸው ጠብሶ ይበላቸዋል። ስማቸውም «ወተት በጉንጬ» እና «ማርጩቄ» ነው። ቤተ ሙከራ ያረጋገጠውን ብልጽግና ገበሬው በምላሱ ለይቶ፣ በስሙ መዝግቦ፣ በጓሮውና በማሳው ዳር ጠብቆ ነበር።

እነዚህ ስሞች ለኪነ ጥበብ ሰውም ትምህርት አላቸው። «ስንዴ ለምኔ» የሚባል ማሽላ አለ፤ ስንዴን የሚያስንቅ መሆኑን ሁለት ቃል ይበቃዋል። «ሰነፍ ቆሎ» የሚባል ገብስ አለ፤ ቅርፊቱ በቀላሉ ስለሚለቅ ሰነፍ እንኳ ይቆላዋል። «ሰርገኛ» የሚባለው ጤፍ ነጩና ቀዩ ተቀላቅሎ እንደ ሰርግ ሕዝብ የሚታይ ነው። ስሙ ቀልድም፣ ውዳሴም፣ የአጠቃቀም መመሪያም ነው። ባልተጻፈ ህብረተሰብ ውስጥ ስም የዘሩ መዝገብ ነበር። ዘሩ ሲጠፋ ስሙ ይረሳል፤ ስሙ ሲረሳም ከዘሩ ጋር የነበረው እውቀት አብሮ ይቀበራል።

፬. የዘር ማዕከሉ መቋቋም

ይህ ሀብት በተደራጀ መንገድ እንዲጠበቅ የተደረገው በእ.ኤ.አ. 1976 የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ማዕከል በአዲስ አበባ በተቋቋመ ጊዜ ነው። ማዕከሉ የተመሠረተው በኢትዮጵያና በጀርመን ፌዴራል ሪፐብሊክ መካከል በተደረገ የቴክኒክ ትብብር ሲሆን፣ ዘሩ እጅግ እንዲደርቅ ተደርጎ፣ አየር በማያስገባ የአሉሚኒየም ከረጢት ታሽጎ ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ የሚቀመጥበት ክፍል ነበረው። ሥርዓቱ ሲታይ የምድጃው ጭስ በማድረቂያ መሣሪያ፣ የተመረገው ቅል በአሉሚኒየም ከረጢት ተተካ እንጂ መሠረተ ሐሳቡ ያው የእናቶች ነው።

ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የሥራቸውን ዋና ቁም ነገር ያስቀመጡት በማቀዝቀዣው ላይ ብቻ አልነበረም። በበረዶ ክፍል የተቀመጠ ዘር ይጠበቃል እንጂ አያድግም። ማሳ ላይ ያለ ዘር ግን በየዓመቱ ከድርቁ፣ ከበሽታውና ከአፈሩ ጋር እየታገለ ይለወጣል። ስለዚህ ዘሩ ከገበሬው እጅ ሳይወጣ፣ ገበሬውም ከዘሩ ጥበቃ ሳይነጠል መቆየት አለበት የሚል አቋም ያዙ። በረሃቡ ዘመንና ከዚያም በኋላ የማዕከሉ ባለሙያዎች በድርቅ በተጎዱ አካባቢዎች ሊጠፋ የተቃረበውን ዘር ሰበሰቡ፤ ነባሩ ማሽላና ስንዴ በገበሬው ማሳ ላይ ተባዝቶ ለገበሬው እንዲመለስ ጣሩ። በእ.ኤ.አ. 1989 ከካናዳ ድርጅት ጋር የተጀመረው የዘር ህልውና መርሐ ግብር ይህንኑ አሠራር አስፋፋ፤ በዚያው ዓመት ዶክተር መላኩ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በሸዋ እጀሬን በመሰሉ ቦታዎች ገበሬዎች በጋራ የሚያስተዳድሯቸው የዘር ቤቶችም ቆመዋል። በነዚህ ቤቶች ገበሬው ዘር በብድር ይወስዳል፤ ከመኸር በኋላ በዓይነት ይመልሳል። ቀድሞ የእዳ ሰንሰለት የነበረው የዘር ብድር በዚህ መልክ የጋራ ዋስትና ሆኗል።

ማዕከሉ በዘመናት ሂደት ስሙንና አደረጃጀቱን ለውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎችም ይዟል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የአካባቢ ማኅበረሰቦች በዘረ መል ሀብትና በእውቀታቸው ላይ ያላቸውን መብት በሕግ አስቀምጧል። ሕጉ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ግን የጤፍ ጉዳይ አሳይቷል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ነበር። የኢትዮጵያ ሴቶች ለዘመናት ሲፈጩትና ሲያቦኩት የኖሩት ነገር በባዕድ አገር የአንድ ድርጅት ፈጠራ ተብሎ ተጻፈ። በእ.ኤ.አ. 2018 የሄግ ፍርድ ቤት ያ መብት በኔዘርላንድ ውስጥ ዋጋ የለውም ሲል ወስኗል።

፭. ያልተፈታው ቅራኔ

የተሻሻለ ዘር ጠቀሜታ የሚካድ አይደለም። በአገሪቱ የምርምር ጣቢያዎች የወጡ የስንዴና የበቆሎ ዝርያዎች የብዙ ገበሬን ምርት አሳድገዋል። ነገር ግን ከዚህ ጋር አንድ ቅራኔ አብሮ ይመጣል። የተዳቀለ በቆሎ ከተሰበሰበ በኋላ ዘሩ ቢዘራ እንደ ወላጁ አይሆንም፤ የወላጆቹ ጠባይ ይበታተንና ምርቱ ይቀንሳል። በመሆኑም ገበሬው በየዓመቱ ገዢ ይሆናል። የማሳው ዘር ከገበያ ሲመጣ፣ የጓሮውም ዘር ከከተማ ሱቅ በታሸገ ወረቀት መምጣት ይጀምራል። ለዘር የሚታለፈው ጎመን ሲቀር፣ የሚያልፈው ዓይንም አብሮ ይቀራል። ልጂቱ ከእናቷ የምትወርሰው ፍሬ ብቻ ሳይሆን የመምረጥ ችሎታ ነበርና፣ የሚጠፋው እርሱ ነው።

ቅራኔው የሚፈታው አዲሱን በመጥላት ወይም አሮጌውን በመናቅ አይደለም። አንዱ ለምርት፣ አንዱ ለዋስትና ጎን ለጎን ሲያዙ ነው። ምርጥ ዘር የሚወጣው ከነባሩ ዘር ነው፤ ነባሩ የጠፋ ቀን የሚዳቀለው አይኖርም። ለዚህም የጎመኑ፣ የዱባው፣ የድንብላሉ ጓሮ ከማናቸውም ቦታ ይበልጥ አመቺ ነው። ጓሮ ትንሽ ነው፤ የሚሞከርበት ዘር ቢከሽፍ ቤተሰብ አይራብም። ዱባ የወንዴና የሴቴ አበባው የተለያየ ስለሆነ ንብ የጎረቤትን ዱቄት ታመጣለታለችና፣ ዘሩን ንጹሕ ለማድረግ የሚፈልግ ከሌላ ዓይነት ዱባ አርቆ መትከል ይኖርበታል፤ በርበሬና ጎመንም በንብ ሊዳቀሉ ይችላሉ። ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ የማይሻ፣ በትምህርት ቤት አትክልት ቦታ እንኳ ሊፈጸም የሚችል ነው።

በዚህ ረገድ የመምህሩ፣ የካድሬውና የኪነ ጥበብ ሰው ድርሻ በየፈርጁ የተለየ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ዘር ከነስሙና ከነአጠባበቁ እንዲያመጡ ቢያደርግ፣ የአካባቢው መዝገብ በአንድ ወቅት ትምህርት ይጻፋል። ካድሬው የልማት ዕቅድ ሲያስረዳ ምርትን በኩንታል ብቻ ሳይሆን በዘሩ ዋስትናም ቢለካ፣ «ወተት በጉንጬ» ከማሳ አይባረርም። የኪነ ጥበብ ሰው ደግሞ የዘሩን ስም፣ የአጨዳውን ዜማና የአዝመራውን ቅኔ የያዙት አዛውንቶች ሳያልፉ የሰማውን በጽሑፍና በመድረክ ያኖራል። ዘርን የማዕከሉ ማቀዝቀዣ ሊያቆየው ይችላል። ስሙን፣ ምርጫውንና አበላሉን የሚያቆይ ማቀዝቀዣ ግን እስካሁን አልተሠራም፤ እነዚህ የሚኖሩት በሚዘሩና በሚናገሩ ሰዎች ዘንድ ብቻ ነው።